የእጅ ጥልፍ፣ የማሽን ጥልፍ ወይስ የሸማኔ ጥበብ? የሐበሻ ቀሚስ ከማዘዛችሁ በፊት

ከሦስት ዓመት በፊት ለእህቴ መልስ የሐበሻ ቀሚስ አሠራሁ። ባለሱቁ "ሙሉ በሙሉ የእጅ ጥልፍ ነው" አለኝ። ዋጋውም የእጅ ጥልፍ ዋጋ ነበር። በመልሱ ቀን አማረብኝ፤ ፎቶዬም ቆንጆ ነው፤ ምንም አልልም። ከዚያ አጠብኩት። ሲደርቅ ደረቱ ላይ ያለው መስቀል ዙሪያውን ተኮማትሮ፣ ግንባሩን የቋጠረ ሰው መስሎ ጠበቀኝ።

እናቴ ተቀበለችኝና ፊቱን ሳታይ ገለበጠችው። ከጥልፉ ጀርባ ወረቀት የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። "ይሄ እኮ የኮምፒውተር ነው። የእጅ ጥልፍ ወረቀት ምን ያደርግለታል?" አለች።

እናቴ በተማሪነቷ ጥልፍ የተማረች ሰው ናት። በእሷ ጊዜ ለሴት ልጅ መርፌ መያዝ፣ ኪሮሽ መሥራት፣ የትራስ ልብስ መጥለፍ እንደ ፊደል የሚቆጠር ነገር ነበር። ሬዲዮው ላይ ዳንቴል ያልነበረበት ቤት ስንት ነው? እኔ ከዚህ ሁሉ የወረስኩት አንድ ልማድ ብቻ ነው። ቀሚስ ሳይ መጀመሪያ እገለብጣለሁ። የሚከተለውም ምክር በሙሉ ከጀርባ በኩል የታየ ነው።

ጥበብ ሌላ፣ ጥልፍ ሌላ

ሱቅ ገብታችሁ "ጥበብ አሳዩኝ" ስትሉ አንዳንዱ ሻጭ ጥልፍ ያወጣላችኋል። "ጥልፍ አለ?" ስትሉ ደግሞ የሸማኔ ሥራ ይዘረጋላችኋል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ጥበብ ወይም ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ነው። ሸማኔው የቁመቱን ክር፣ ድሩን፣ ይወጥራል፤ የአግድሙን፣ ማጉን፣ በመወርወሪያ ያሳልፋል፤ ባለቀለሙን ክር ደግሞ በድሩ መሀል እያስገባ ንድፉን ያወጣዋል። ጨርቁ ከመሸመኛው ሲወርድ ጥበቡም አብሮ አልቋል። በዚህ ሙያ የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ በተለይ ዶርዜዎች፣ ስማቸው የታወቀ ነው። ሽሮ ሜዳን የሀገር ልብስ ሰፈር ካደረጓት ሰዎች ግንባር ቀደሞቹም ከዚያ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው።

ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚመጣ ነው። መቼም አማርኛ ጉደኛ ነው፤ "ጠላፊ" ሲባል ሰው አውሮፕላን ወይ ሙሽራ ያስባል። መርፌዋም የምትሠራው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰንሰለት የሚመስለውን ጥልፍ አስተውላችሁ ካያችሁት፣ መርፌዋ ከጨርቁ ሥር ብቅ ትልና ያለፈውን ቀለበት አንገቱን ይዛ ትጎትተዋለች።

በዓይን ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ጥበብ የሚሄደው በድርና በማግ መንገድ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ሰያፍ መሄድ ሲፈልግ እንደ ደረጃ እየወጣ እየወረደ ይሄዳል። ጥልፍ ግን እንደ ልቡ ነው። ቅጠል ያጥፋል፣ ሐረግ ይጠመዝዛል፣ ክብ ይሠራል። ክብ አበባ አይታችሁ "የሸማኔ ጥበብ ነው" ከተባላችሁ፣ በትህትና ፈገግ በሉና ገልብጡት።

ልዩነቱ ከዓይን ያልፋል። ጥበቡ ጨርቁ ላይ ቦታው ተወስኖ ይመጣል። ልብስ ሰፊው እዚያው ላይ ነው የሚቆርጠው። በኋላ ወፈርኩ፣ ቀጠንኩ፣ ላሳጥረው ስትሉ ጥበቡ ሊቆረጥ ነው። ጥልፍ ቀሚሱ በእናንተ ልክ ከተቆረጠ በኋላ ሊጠለፍ ይችላል፤ አንገቱ የት እንደሚያርፍ፣ እጅጌው የት እንደሚያልቅ ታውቆ።

ሲገለበጡ ምን ይመስላሉ?

ገበያው ውስጥ ጥልፍ ሲባል ሦስት ነገር ነው። የእጅ፣ የፔዳል ማሽንና የኮምፒውተር። ከፊት ለፊት ሦስቱም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ጎበዝ የኮምፒውተር ጥልፍ እንደውም ከእጁ ይልቅ የጠራ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

የኮምፒውተሩን መለየት አይከብድም። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ሲባል ከሥሩ ወረቀት የመሰለ መደገፊያ ይደረጋል፤ ጥልፉ ሲያልቅ ትርፉ ይቀደዳል፤ ከክሩ ሥር ያለው ግን እዚያው ይቀራል። በጀርባ በኩል ብዙ ጊዜ ነጭ የታች ክር ይታያል። ግራና ቀኙ አንድ ናቸው። አሥረኛው አበባ ከመጀመሪያው ጋር በአንዲት ስፌት እንኳን አይለያይም።

የፔዳሉ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ባለሙያው ማሽኑን በእግሩ እየመራ ጨርቁን በእጁ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። እውነተኛ ሙያ ነው፤ አላናንቀውም። አንዱን አበባ ከሌላው ትንሽ ሲያገዝፈው የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። ሻጩም "እጅ ነው" ሲል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ጨርቁን የያዘው እጅ ነዋ! ጀርባውን ስታዩት ግን ሁለት ክር አለ። የላዩና የታቹ ተቆላልፈው ነው የሚሄዱት፤ ስፌቱም ጥብቅና ደቃቅ ነው።

የእጅ ጥልፍ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው። ጀርባው ላይ ክሩ የት እንደጀመረ፣ የት እንዳለቀ፣ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው የት እንደዘለለ ታዩታላችሁ። የሰንሰለት ጥልፍ ከሆነ ፊቱ ቀለበት፣ ጀርባው ደግሞ የተቆራረጠች አጭር መስመር ናት። የጎበዝ ጠላፊ ጀርባ ንጹሕ ነው፤ ቋጠሮው አነስተኛ፣ ዝላዩ አጭር። የችኩል ሥራ ጀርባ የተተራመሰ ነው። ስለዚህ መገልበጥ እጅና ማሽን ለመለየት ብቻ አይደለም፤ ሁለት የእጅ ሥራዎችን ለማወዳደርም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ሥራ ላይ ጀርባውን ስመረምር ያዩኝና "እዩት የኔ ልጅ፣ እዩት። ፊቱን ለሰው፣ ጀርባውን ለራሴ ነው የሠራሁት" አሉኝ። ዋጋ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

በሌላ በኩል የታተመው ፖሊስተር አለ። ጥበቡም ጥልፉም በቀለም የታተመበት፣ ከውጭ የሚገባው። ርካሽ ነው፣ አይተኮስም፣ አየር አያስገባም። ለትምህርት ቤት የባህል ቀን ልጅ ካለበሳችሁት አልፈርድባችሁም። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ጨርቁ ሳይመረጥ ጥልፍ አይመረጥም

ብዙ ሰው መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ የጥልፍ ፎቶ ያሳያል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ጨርቁን እጨብጣለሁ።

ፈትል የሚባለው ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ የሆነ ነው። ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም። ለስላሳ ነው፣ ላብ ይጠጣል፣ በታጠበ ቁጥር ሰውነት ላይ ይለምዳል። መነን ደግሞ ከፋብሪካ ክር የሚሸመን ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ወጥ፣ ትንሽ የሚያብለጨልጭ። ለፎቶ መነን ይበልጣል፤ ለውሎ ፈትል። ሽፎንም አለ፤ እሱ ተንሳፋፊ ቀሚስ ለሚወዱ ነው፤ በእጅ ለመጥለፍ ግን ስለሚንሸራተት ጠላፊዎች ይማረሩበታል።

አሁን የእኔ ቀሚስ ለምን ግንባሩን እንደቋጠረ ልንገራችሁ። ጨርቁ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነበር። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። የኮምፒውተር ጥልፍ ክር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ እሱ አይሰበሰብም። ጨርቁ ሲገባ ጥልፉ "እኔ የትም አልሄድም" አለ። መሀል ላይ ጨርቁ ተሸበሸበ። የእጅ ጥልፍ በጥጥ ክር ሲሠራ ይህ ይቀንሳል፤ ክሩም ከፖሊስተር ይልቅ ከጨርቁ ጋር ይስማማል። ስፌቱም ላላ ስለሚል ጨርቁን አያፍነውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጨርቁን ከመጥለፋችሁ በፊት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አድርቁት። ልብስ ሰፊው "አያስፈልግም" ሊል ይችላል። ያስፈልጋል።

ቀለሙንም ፈትኑ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥባችሁ ቀዩንና ጥቁሩን ክር አሻሹት። ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ፣ የመጀመሪያው እጥበት ቀን ሙሉ ቀሚሱ ጽጌረዳ ይሆናል።

ስንት ጊዜ ትለብሱታላችሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ይመስለኛል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል፤ ግን ለጥምቀት ብቻ የሆነ ቀሚስም አለ፣ ከጥምቀት አልፎ ክርስትና፣ ማኅበር፣ እንቁጣጣሽ የሚውል ቀሚስም አለ።

ደጋግማችሁ የምትለብሱት ከሆነ የሸማኔ ጥበብ ያለበትን ፈትል ውሰዱ። ንድፉ የጨርቁ አካል ስለሆነ የሚላቀቅ ነገር የለውም። ሰውነት አይወጋም፣ አይከብድም። የእኔ የዘወትር ቀሚስ እንዲህ ያለ ነው፤ ጫፉና እጅጌው ላይ ሦስት ጣት የሚሆን ጥለት ብቻ። ለብዙ ሰው የሚበቃውም ይሄ ነው።

ለሚዜዎችና ለቤተሰብ አንድ ዓይነት ልብስ የምታሠሩ ከሆነ ኮምፒውተር ያዙ፤ አትሟገቱ። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አበባ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ማሽን የተፈጠረው ለዚህ ነው። የእጅ ጥልፍ ብታዙ አሥራ ሁለት የተለያየ አበባ ነው የምታገኙት፤ የሙሽራዋ እናት ደግሞ የማን እንደሚበልጥ ትቆጥራለች። ለሚያድጉ ልጆችም እንደዚሁ። በዓመቱ ለሚያጥር ቀሚስ የሰው ዓይን ማድከም ነውር ነው።

ካባ ላይ ደግሞ የማሽን ጥልፍ አይቆጨኝም። ካባ ገበር አለው፤ ጀርባው ይሸፈናል፤ ከቆዳችሁ ጋር አይገናኝም። ወርቃማው ክር ከሩቅ ያብረቅርቅ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ነጠላ ግን ተቃራኒው ነው። ነጠላ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ ይጣፋል፣ ለልቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ሁለቱም ፊቱ ይታያል ማለት ነው። የኮምፒውተር ጥልፍ ያለበት ነጠላ ሲዞር ያ ነጭ ወረቀቱ ትከሻችሁ ላይ ብቅ ይላል፤ ጫፉም እንደ ካርቶን ይደርቅና አልታጠፍ ይላል። ለነጠላ የሸማኔ ጥለት። እዚህ ላይ አልደራደርም።

የእጅ ጥልፍ ታዲያ መቼ ነው? የምታስቀምጡት ቀሚስ ሲሆን። የሙሽራ ቀሚስ፣ ለልጃችሁ ይደርሳል የምትሉት፣ ለእናታችሁ ስድሳኛ ዓመት የምትሰጡት። ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም አንድ ቀሚስ አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ካጋዘው ውስጥ ነው። ጨርቁ ጥጥ፣ ጥልፉ ሐር። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሙዚየሙ ለእይታ አውጥቶት ነበር። የእቴጌይቱ ቀሚስ እዚያ ምን ይሠራል የሚለው ሌላ ንዴት ነው፤ ለዛሬው ግን የምለው፣ ጥጥና ሐር በእጅ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚቆዩ ነው።

ሙሉ ቀሚስ በእጅ ማስጠለፍ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ገንዘቡም እንደዚያው። መሀሉን መንገድ ልጠቁማችሁ። ጫፉን በሸማኔ ጥለት አድርጉና አንገቱንና ደረቱን ብቻ በእጅ አስጠልፉ። አንገትና ደረት ከቆዳ ጋር የሚነካካ ቦታ ነው፤ የኮምፒውተር ጥልፍ ጀርባ የሚያሳክከውም እዚያ ነው። ሰው አፍጥጦ የሚያየውም እዚያ። የታችኛውን ጫፍ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነብም፤ ከመሬት ጋር የሚተሻሸውም እሱ ስለሆነ የሸማኔው ይበረታል።

ዲዛይኑና ማዘዙ

የጎንደር፣ የወሎ፣ የራያ፣ የሸዋ እየተባለ የሚጠራ ጥልፍ ሁሉ የየራሱ መልክ አለው። ሱቅ ውስጥ ግን ስሙ እንደ ገዢው ይለዋወጣል፤ አንዱን ቀሚስ ጠዋት የጎንደር፣ ከሰዓት የወሎ ሲሉት ሰምቻለሁ። የአያታችሁን ዓይነት ከፈለጋችሁ የአያታችሁን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ችግር የለም፤ የጥልፉ ቦታና ስፋት ይታያል፤ ቀለሙን አክስቶቻችሁ ተጣልተው ይነግሯችኋል።

ዋጋ ስትነጋገሩ በአንድ ላይ አትጠይቁ። ጨርቁ ስንት? ጥልፉ ስንት? ስፌቱ ስንት? ለየብቻ ሲሆን ማን ምን እንደሚያገኝ ይገባችኋል። የጥልፉ ዋጋ ተለይቶ ሲጠራ ደግሞ "እጅ ነው" የሚለው ሻጭ ትንሽ ያመነታል።

ጊዜውንም አስቡበት። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንደዚሁ። ለጥር የእጅ ጥልፍ በኅዳር መጨረሻ ማዘዝ ማለት፣ በእጅ ተጀምሮ በማሽን የሚያልቅ ቀሚስ ማዘዝ ነው። ይህንንም አይቻለሁ። ግራ እጅጌው በእጅ፣ ቀኙ በፔዳል።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆናችሁ በቴሌግራም የምታዙ ደግሞ፣ የሚላክላችሁ ፎቶ ሁሌም ከፊት ነው። የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ፤ አንገቱን ገልብጠው፣ ቀረብ አድርገው፣ በቀን ብርሃን። የማይልክ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ልካችሁን በሴንቲሜትር ላኩ፤ "ሚዲየም ነኝ" ሽሮ ሜዳ ላይ ትርጉም የለውም። ስፌቱ ውስጥ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተውላችሁ። ቀሚሱ በሰው በሰው ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ሲደርሳችሁ ወዲያው ፊቱን አትተኩሱት። ገልብጣችሁ፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፋችሁ፣ ከጀርባ ተኩሱት፤ ጥልፉ እንዳይደፈጠጥ።

እጥበቱ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይጠመዘዝ ነው። በጥልፍ የከበደ ቀሚስ መስቀያ ላይ አትስቀሉት፤ አንገቱ ወደ ታች ይጎተታል። አጥፋችሁ አስቀምጡት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ቀሚሱን ስትረከቡ ጠላፊዋን የተረፈውን ክር ጠይቋት። ከእያንዳንዱ ቀለም ክንድ ክንድ ይበቃል። በኋላ ያንኑ ቀለም ፍለጋ መርካቶን ብታስሱ አታገኙትም።

እናቴ ሳጥን ውስጥ ከቀሚሷ ጋር አንዲት ቁራጭ ካርቶን አለች፤ ቀይ ክር ተጠቅልሎባታል። ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት እጅጌው ላይ ሁለት ቅጠል ተበጥሶ አገኘችውና መነጽሯን አድርጋ በዚያው ክር ሞላቻቸው። ክሩ ፀሐይ ስላላየ ከፊት ሲታይ ሁለቱ ቅጠሎች ደመቅ ብለው ያስታውቃሉ። ገልብጬ ስፈልጋቸው ግን አጣኋቸው።